ለቤት ምድጃ የሚሆን የእንጨት ፔሌት፦ ጥራቱ በምን ይለያል?

የእንጨት ፔሌት በእንጨት መሰንጠቂያና መላጊያ ቤቶች የሚተርፈው ሰጋቱራ ደርቆና ይበልጥ ደቅቆ፣ ጠባብ ቀዳዳዎች ባሉት ወፍራም ብረት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት እንዲያልፍ ተደርጎ የሚሠራ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አጭር የማገዶ ዘንግ ነው። ሰጋቱራው በቀዳዳዎቹ ሲጨመቅ በሰበቃ ይግላል፤ ሊግኒን የሚባለውና በተፈጥሮ የእንጨትን ጭረቶች እርስ በርሳቸው አጣብቆ የሚይዘው ንጥረ ነገርም በዚህ ሙቀት ለስልሶ፣ ፔሌቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ስለሚጠነክር፣ ማገዶው ሙጫ ሳያስፈልገው ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ በኋላ በሰሜን አሜሪካ ብቅ ያለው ይህ ማገዶ በአውሮፓ የቤት ምድጃ ሲሳይ ሆኖ በስፋት የተለመደው በጣሊያን ነው፤ በተለይ በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል ክረምት ሲቃረብ ባለ 15 ኪሎ ግራም የፔሌት ከረጢቶች በየመደብሩ ደጃፍ ተደራርበው ይታያሉ። ከረጢቶቹ ከውጭ ሲታዩ ብዙም አይለያዩም፤ በምድጃው ውስጥ የሚፈጥሩት ልዩነት ግን ከፍተኛ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት የሚገኘው በምድጃው አሠራር ውስጥ ነው። በምድጃው የላይኛው ክፍል አንድ ወይም ከዚያ በላይ ከረጢት የሚይዝ የማገዶ ማጠራቀሚያ አለ፤ ከማጠራቀሚያው ግርጌ የሚነሣና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር፣ የጣሊያን ባለሙያዎች ኮክሌያ የሚሉት ጠመዝማዛ ብረት ፔሌቱን ጥቂት በጥቂት እየገፋ፣ ማንደጃ ወደሆነው ባለ ቀዳዳ ትንሽ የብረት ጽዋ ይጥለዋል። የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያው እሳቱን ካስነሣ በኋላ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ማራገቢያ ቃጠሎው የሚፈልገውን አየር በጽዋው ቀዳዳዎች በኩል ይስባል፤ ሌላ ማራገቢያ ደግሞ የሞቀውን አየር ወደ ክፍሉ ይነፋል። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ማገዶውን የሚመዝን ወይም የሚመረምር ክፍል በተለመደው የቤት ምድጃ ላይ የለም፤ ምድጃው የሚቆጥረው ጠመዝማዛው ብረት ስንት ሰከንድ እንደዞረና ስንት ሰከንድ እንዳረፈ ብቻ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ እሳት የምታነድ ሴት እንጨቱ እርጥብ ሲሆንባት ታውቃለች፤ ጭሱ ሲበዛ አንዱን እንጨት ወደ ኋላ ትስባለች፣ ፍሙን ትቆሰቁሳለች፣ ታራግባለች። የፔሌት ምድጃ ግን ይህ ማስተዋል የሌለው፣ ዘወትር አንድ ዓይነት ማገዶ እንደሚቀርብለት ታስቦ የተሰላ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የፔሌት ጥራት ከሁሉ በፊት ወጥነት ነው፤ ሁለተኛው መመዘኛ የአመዱ ማነስና ንጽሕና ሲሆን፣ ብዙ ገዥዎች አስቀድመው የሚያዩት ቀለምና የዛፍ ስም ከእነዚህ ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ነው።

ወጥነት በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ ኤስ ኦ 17225-2 በተባለው ሰነዱ ለእንጨት ፔሌት መስፈርት ያወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን የተጀመረውና ዛሬ በዚሁ ሰነድ ላይ የተመሠረተው ኢ ኤን ፕላስ የተባለው የምስክር ወረቀት ሥርዓት ፔሌትን ኤ1፣ ኤ2 እና ቢ በሚባሉ ሦስት ማዕረጎች ይከፍለዋል። በዚህ መሠረት የፔሌቱ ርዝመት ከ3.15 እስከ 40 ሚሊ ሜትር፣ የእርጥበቱ መጠን ከክብደቱ ከ10 በመቶ ያልበለጠ፣ አንድ ሜትር ኩብ ሙሉ ፔሌት ሲመዘን የሚኖረው ክብደት ደግሞ ከ600 እስከ 750 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። የመጨረሻው ልክ ለምድጃው ያለው ትርጉም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጠመዝማዛው ብረት ማገዶውን የሚያቀርበው በክብደት ሳይሆን በሚይዘው ቦታ መጠን በመሆኑ፣ ሊትሩ 620 ግራም ከሚመዝን ፔሌት ወደ 720 ግራም የሚመዝን የተሸጋገረ ቤተሰብ ምድጃውን ሳይነካ በእያንዳንዱ ዙር 16 በመቶ ያህል ተጨማሪ ማገዶ እየጣለበት ነው፤ አየሩ ግን ለቀድሞው መጠን የተለካ ስለሆነ እሳቱ ይታፈናል፣ መስታወቱም ይጠቁራል። ይህን በወጥ ቤት ሚዛንና በአንድ ሊትር መለኪያ ዕቃ መፈተሽ ቀላል ነው፤ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ውጤቱ ከቤተ ሙከራው በመጠኑ ሊያንስ ቢችልም፣ ሁለት ዓይነት ፔሌቶችን ለማወዳደር በቂ ነው።

ርዝመቱም እንዲሁ ነው። ረጃጅም ፔሌቶች በማጠራቀሚያው አፍ ላይ ተጋድመው ሌሎቹ እንዳይወርዱ ስለሚያግዱ እሳቱ ማገዶ አጥቶ ይጠፋል። ከረጢቱ ግርጌ የሚከማቸው ድቃቂ ብናኝ በበኩሉ በጠመዝማዛው ብረት ዙሪያ ይጠቀጠቃል፣ ማንደጃው ውስጥ ሲገባም የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በኢ ኤን ፕላስ ሥርዓት በከረጢት የታሸገ ፔሌት ከፋብሪካ ሲወጣ ሊኖረው የሚችለው ብናኝ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ይህም በ15 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 75 ግራም፣ ማለትም ሁለት እፍኝ የማይሞላ ነው። ከረጢቱን በወንፊት ላይ ገልብጦ የወረደውን መመዘን የፔሌቱን ጥንካሬም ጭምር ይናገራል። በቤተ ሙከራ ይህ ጥንካሬ የሚለካው 500 ግራም ፔሌት በሳጥን ውስጥ 500 ጊዜ እንዲሽከረከር ተደርጎ ከተነፋ በኋላ ሳይሰባበር የቀረው ሲመዘን ሲሆን፣ የኢ ኤን ፕላስ ኤ1 ፔሌት ቢያንስ 98 በመቶው ሳይደቅ መገኘት አለበት። በእጅ ሲታይ ደግሞ ጥሩ ፔሌት ገጹ ለስላሳና አንጸባራቂ፣ ስንጥቁ ጥቂት፣ ሲሰበርም ቀጭ የሚል ነው። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲጣል ይሰምጣል፣ ጥቂት ቆይቶም አብጦ ወደ ሰጋቱራነት ይመለሳል፤ የሚንሳፈፍ ከሆነ በበቂ ሁኔታ አልተጨመቀም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊጤን የሚገባው አመድ ነው። ቅርፊቱ የተላጠ የግንድ እንጨት ሲነድ የሚተወው አመድ ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ቅርፊት፣ ቅርንጫፍ፣ አሸዋና አፈር ሲቀላቀሉበት መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ኤ1 እስከ 0.7 በመቶ፣ ኤ2 እስከ 1.2 በመቶ፣ ቢ ደግሞ እስከ 2 በመቶ አመድ ይፈቅዳል። ቁጥሮቹ ጥቃቅን ቢመስሉም፣ በአንድ ክረምት 100 ከረጢት ለሚያነድ ቤተሰብ ልዩነቱ 10 ኪሎ ተኩል አመድ በመጥረግና 30 ኪሎ በመጥረግ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በአሜሪካ፣ ከረጢቱ 40 ፓውንድ ወይም 18 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝንበት ገበያ፣ ፕሪሚየም የሚባለው ማዕረግ እስከ 1 በመቶ ስለሚፈቅድ ስሙ የሚያሰማውን ያህል ከአውሮፓው ኤ1 የላቀ አይደለም።

የአመዱ መጠን ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይመዘናል። አመዱ ፖታሲየምና ከአሸዋ የሚመጣ ሲሊካ ሲበዛበት የሚቀልጥበት የሙቀት መጠን ይወርድና፣ በማንደጃው ውስጥ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ የጠነከረ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። ይህ ዝቃጭ የጽዋውን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን በላዩ የሚወርደው ፔሌት አየር አጥቶ ይከመራል፤ ምድጃው መጨሱም አይቀርም። በዚህ ምክንያት የኤ1 ፔሌት አመድ ከ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቅርጹን መለወጥ መጀመር የለበትም። ጠዋት ማንደጃውን ሲያጸዳ በብሩሽ የሚጠረግ ቀላል ግራጫ አመድ የሚያገኝ ሰው ጥሩ ማገዶ ገዝቷል፤ በመሮ ካልተነቀለ የማይወጣ ዝቃጭ የሚያገኝ ግን ከሚቀጥለው ግዢ በፊት ሌላ ፔሌት መፈለግ ይኖርበታል።

አመድ በእንጨቱ ውስጥ የነበረውን የማይነድ ነገር ሁሉ አጥልሎ የሚያስቀር መሆኑም ሊረሳ አይገባም። 0.7 በመቶ አመድ ካለው ፔሌት አንድ ኪሎ አመድ የሚገኘው ከ140 ኪሎ በላይ ማገዶ ነድዶ ነው፤ በማገዶው ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል የነበረ ብክለትም በአመዱ ውስጥ በዚያው ልክ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአኦስታ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ከሊቱዌኒያ የመጣ ፔሌት በብዙ የጣሊያን ክልሎች እንዲያዝ ያዘዘው፣ በፔሌቱና በአመዱ ውስጥ ሲዚየም-137 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በመገኘቱ ነበር። ከዚህ ይልቅ በየዕለቱ የሚያሰጋው ግን ቀለም የተቀባ፣ የተለበጠ ወይም በሙጫ የተሠራ የቤት ዕቃ ፍርስራሽ ተፈጭቶ ወደ ፔሌት መግባቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ማገዶ ክሎሪንና ከባድ ብረቶች ስለሚኖሩት የምድጃውን ብረት ይበላል፣ የሚወጣውም ጭስ ለጤና አደገኛ ነው። የኤ1 መስፈርት ክሎሪንን ከ0.02 በመቶ እንዳይበልጥ የሚገድበው ለዚህ ነው።

በከረጢቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሙቀት አቅም በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ደረቅ እንጨት ከየትኛውም ዛፍ ቢሆን በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት እምብዛም አይራራቅም፤ የጥድ ዘመዶች የሆኑት ዛፎች በሊግኒናቸውና በሙጫቸው ብልጫ ቢኖራቸውም ብልጫው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በምድጃ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው የተጣራ ሙቀት፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለውና ሲነድ የሚፈጠረው ውኃ ለመትነን የሚወስደው ተቀንሶ፣ ለኤ1 ፔሌት በኪሎ ቢያንስ 4.6፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ 5.3 እና ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ ሲታይ፣ አምራቹ የጻፈው የተጣራውን ሳይሆን ውኃው ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያልተቀነሰለትን ከፍተኛውን ልክ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ቀለምም ቢሆን ብቻውን ምስክር አይሆንም። ነጣ ያለው ፔሌት የተላጠ የጥድ እንጨት ሊሆን ይችላል፤ ቡናማው ቅርፊት የበዛበት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ቢች ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ወይም በማድረቂያው ውስጥ በሙቀት የጠቆረ ንጹሕ ፔሌትም ሊሆን ይችላል። የጥድ ሙጫ ጭስ ማውጫውን ይደፍናል የሚለው ስጋትም፣ ማገዶው ደረቅ ሆኖ በቂ አየር ባለው እሳት እስከነደደ ድረስ መሠረት የለውም።

ገዥው እነዚህን ሁሉ በቤቱ ሊለካ ስለማይችል ምልክቱን ማንበብ ግድ ይለዋል። እውነተኛ የኢ ኤን ፕላስ ምልክት ከማዕረጉ ጋር የአገር መለያ ሁለት ፊደላትና የአምራቹን ወይም የነጋዴውን ቁጥር ይይዛል፤ ቁጥሩም በሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ ሊፈለግ ይችላል። ምልክቱን ያለ ፈቃድ የሚያትሙ ስላሉ ቁጥር የሌለው ምልክት ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሩሲያና ከቤላሩስ ይመጣ የነበረው ፔሌት በማዕቀብ ምክንያት ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ወጥቶ ዋጋው እጅግ በናረበት ወቅት፣ ርካሽ የሚመስል ከረጢት ሁሉ ይህን ማጣራት ይጠይቅ ነበር። በሰሜን ጣሊያን ጉዳዩ የሕግም ነው፤ ፒዬሞንቴ፣ ሎምባርዲያ፣ ቬኔቶና ኤሚሊያ ሮማኛ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአገሪቱ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የአየር ጥራት ስምምነት መሠረት ከ35 ኪሎዋት በታች በሆኑ ምድጃዎች ውስጥ የኤ1 ምስክር ወረቀት ያለው ፔሌት ብቻ እንዲነድ ተወስኗል።

የመጨረሻው ፈተና እሳቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ጭነት ከማዘዝ በፊት ከሁለትና ከሦስት አምራቾች ጥቂት ከረጢቶች ገዝቶ፣ ምድጃውንም ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት በሚገባ አጽድቶ ማንደድ ብልህነት ነው። ብሩህ ቢጫና ቀልጣፋ ነበልባል፣ በመስታወቱ ላይም ስስ ግራጫ አቧራ ብቻ ከታየ ማገዶውና አየሩ ተመጣጥነዋል፤ የሚጎተት ብርቱካናማ ነበልባልና ጥቁር ጥላሸት የአየር እጥረትን ወይም እርጥበትን ያመለክታል። ይሁን እንጂ የጭስ ማውጫው ሳይጠረግ፣ የበሩ ማሸጊያ ገመድ ሳይፈተሽ በፔሌቱ ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ጥሩ ፔሌትም በአያያዝ ይበላሻል። ውኃ የነካው ፔሌት ደርቆ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ከረጢቶቹም ብዙ ጊዜ አየር ማስወጫ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሏቸው፣ በዝናብ ደጅ ያደሩትን አለመግዛት፣ የተገዙትንም ከወለል ከፍ አድርጎ በደረቅ ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል። ስፍራው አየር የሚዘዋወርበት ይሁን፤ ምክንያቱም በእንጨቱ ውስጥ ያሉ ቅባቶች ከአየር ጋር ሲዋሐዱ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጩ፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ በጅምላ ወደተከማቸ ፔሌት መጋዘን የገቡ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ጥቂት ከረጢቶች ያን ያህል ባያሰጉም፣ ብዙ ኩንታል ፔሌት በመኝታ ክፍል ወይም መስኮት በሌለው ምድር ቤት ማከማቸት አይገባም። ባዶ ከረጢቱንም ክረምቱ እስኪያልፍ ማቆየት ይጠቅማል፤ በላዩ ያለው ቁጥር ከሌለ ማገዶው ችግር ሲያመጣ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ማረጋገጫ አይኖርም።