ለተቀያየሙትም በጎ መመኘት
በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ፣ ባሪ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሻሮን ሳልዝበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያቋቋሙት የቡድሂስቶች የተመስጦ ማዕከል አለ። ሰዎች ለቀናት ሱባኤ ይገቡበታል። ወሬ የለም፤ መቀመጥ፣ በዝግታ መራመድ፣ እንደገና መቀመጥ ነው።

እዚያ ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ፣ «ሜታ» የተባለው፣ በጎ መመኘት ነው፦ ከክፉ ልጠበቅ፣ ጤነኛ ልሁን፣ ሰላም ላግኝ። ምኞቱ ከራስ ይጀምርና ወደ ባለውለታ፣ ወደ ወዳጅ፣ ቀጥሎም ስሙ እንኳ ወደማይታወቅ መንገደኛ ይሻገራል። ከዚያ አስቸጋሪው ሰው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙው ይንገዳገዳል፤ ባይንገዳገድ ነበር የሚገርመው! ስለዚህ በዋናው ባላንጣ አይጀመርም፤ ቀለል ያለ ቅያሜ ይመረጣል።

ልምምዱ ለጭንቅ ጊዜ እንግዳ አይደለም። በትውፊቱ መሠረት ቡድሃ ያስተማረው በጫካ መናፍስት ለተሸበሩ መነኮሳት ነው። ሳልዝበርግም እ.ኤ.አ. በ1985 በርማ ሄዳ፣ በመነኩሴው ኡ ፓንዲታ ሥር ተምራዋለች።