እሾህን በእሾህ? ሐኪም ለሄሮይን ሱስ ስለሚያዘው ምትክ መድኃኒት

ስለ አደንዛዥ ዕፆች በምናስተምርበት ጊዜ ከተማሪዎች የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ሄሮይን ለለመደ ሰው ሐኪም ተመሳሳይ መድኃኒት ከሰጠው፥ ሱስን በሱስ ለወጠ እንጂ ምን ፈወሰ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ከሥረ ነገሩ ጀምረን ለማብራራት እንሞክራለን።

ከኦፒየም የሚገኘው ሞርፊንና ከሞርፊን የሚሠራው ሄሮይን፥ በአንጎል ውስጥ የሚገኙ ልዩ ተቀባዮችን በመያዝ ሕመምን ያደነዝዛሉ፤ የደስታ ስሜትም ይሰጣሉ። ሰውነት እየለመደ በሄደ መጠን ግን የቀድሞው አይበቃውም። የሄሮይን ኃይል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቅ ሱሰኛው ያዛጋዋል፥ ያልበዋል፥ ያስመልሰዋል፥ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፥ እንቅልፍም ያጣል። ከዚህ ሥቃይ ለመሸሽ በቀን ደጋግሞ ይወስዳል። መርፌ ሲጋራም ኤችአይቪና የጉበት በሽታ ይይዙታል።

ሜታዶን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማብቂያ በጀርመን አገር የተሠራ መድኃኒት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች በኒው ዮርክ ለሄሮይን ሱሰኞች በመስጠት ጠቃሚነቱን አሳዩ። ሜታዶን የሚይዘው እነዚያኑ ተቀባዮች ነው፤ ይሁን እንጂ በአፍ ሲወሰድ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ኃይሉም አንድ ቀን ያህል ይቆያል። መጠኑ በትክክል ከተስተካከለ ታማሚው ሳይሰክርም ሳይሠቃይም ውሎ ያድራል፤ ሥራውንም ይሠራል።

ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያዘው በግምት አይደለም። ታማሚው ምን፥ ምን ያህልና በምን መንገድ እንደሚወስድ ይጠይቃል፤ ሽንቱን ያስመረምራል፤ የጉበቱንና የልቡን ጤንነት ያያል። አልኮል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ያጣራል፤ ከሜታዶን ጋር ሲደባለቁ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉና። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ቀን መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ምክንያቱም የዛሬው መድኃኒት የትናንቱ ሳያልቅ ስለሚደርስበት በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ መጠኑ በቀናት ልዩነት ቀስ በቀስ ከፍ እያለ፥ ለብዙዎቹ ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ባለው መካከል ይረጋል። ታማሚው መድኃኒቱን በየቀኑ በጤና ሠራተኛ ፊት ይጠጣል።

ሌላው ምትክ ቡፕረኖርፊን ነው። ከምላስ ሥር ተደርጎ ይሟሟል። ተቀባዮቹን አጥብቆ ቢይዝም የሚቀሰቅሳቸው በከፊል ስለሆነ ትንፋሽን የማዳከም አደጋው ያነሰ ነው። ነገር ግን ሄሮይኑ ከሰውነት ሳይወጣ ቢሰጥ ቦታውን ነጥቆ ብርቱ ሥቃይ ያመጣል። በመሆኑም ሐኪሙ የማጣት ምልክቶች እስኪታዩ ድረስ ይጠብቃል።

ነገሩ ከክፍለ ዓለማችን የራቀ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ሄሮይን ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል። በዳሬሰላም የሚገኘው የሙሂምቢሊ ብሔራዊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ሜታዶን መስጠት ጀመረ፤ ኬንያም በ2014 ተከተለች።

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ጥያቄ እንመለስ። «እሾህን በእሾህ» ሲባል፥ የሚያወጣውም እሾህ ወዲያው ይጣላል። ምትክ መድኃኒት ግን ወዲያው የሚጣል አይደለም፤ ይልቁንም ምርኩዝን ይመስላል። አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱም ዕድሜውን ሁሉ ይደገፈዋል። «አሁንም ሱሰኛ ነህ» ተብሎ ተነቅፎ ያቋረጠ ሰው ወደ ሄሮይን ቢመለስ፥ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መቋቋም ስለተወ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ በክፍል ውስጥ የምንናገረው ቃል ሕይወት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ሊሆን እንደሚችል እኛ መምህራን ልንዘነጋ አይገባንም።