የ2016 ዓ.ም. ገበያ፦ ከዳንግላ እስከ ቶኪዮ

ነጋዴ ዓመቱን የሚገመግመው በሁለት ጥያቄ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነበር ወይ? ብሩስ ምን ያህል ይገዛ ነበር? በሁለቱም መለኪያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ነጋዴ በቀላሉ የሚረሳ ዓመት አይደለም። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሞ፣ ብሩ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ዋጋውን ለገበያ ተሰጠ። ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ ቢወሰንም ሒሳቡ የተከፈለው በየአውራጃው ገበያ ነው። ከእነዚህም መካከል ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት እንጅባራና ዳንግላ ይጠቀሳሉ።

ብድሩ አስቀድሞ ጠበበ

ዓመቱ ከመጥባቱ በፊት ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። የውሳኔው ዓላማ የዋጋ ንረቱን ማብረድ ነበር። የዋጋ ንረቱ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ 19.9 በመቶ መውረዱ ቢነገርም፣ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ስለነበር ብሩን በባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ ሲከስር ነው የከረመው።

የብድር ገደቡ ክንድ ይበልጥ ያረፈው በመካከለኛው ነጋዴ ላይ ነው። ትልቁ አስመጪ ባንኩ የሚያውቀው ደንበኛ ነው። ትንሹ ቸርቻሪ ደግሞ ቀድሞም በዱቤና በዕቁብ የሚሠራ ነው። በመካከል ያለውና እህል ሰብስቦ በአይሱዙ የሚጭነው፣ ለመኸር ግዢ የሦስት ወር ገንዘብ የሚፈልገው ግን ባንክ ደጃፍ ላይ ቀረ። ገንዘብ ሲያጣ የሚገዛው ይቀንሳል፤ የሚገዛው ሲቀንስ ደግሞ በአጨዳ ወቅት የገበሬው ዋጋ ይወርዳል።

የሚጠብቅ ዕቃ፣ የማይጠብቅ ዕቃ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሞ እስከ ግንቦት መጨረሻ ዘልቋል። ውጊያውም መንገድ መዘጋቱም በክልሉ ለወራት ቆይቷል። የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥም ዋጋን በስልክ መላላክ ለለመደው ደላላ ሌላ እክል ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም ዕቃ እኩል አይጎዳም። ድንች አይጠብቅም። በደጋው በባንጃና በአካባቢው የሚመረተው ድንች መኪና ካላገኘ በሳምንታት ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በተገኘው ዋጋ ይጥለዋል። ጤፍና ኑግ ግን ጎተራ ውስጥ ይቆያሉ። ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ዛፍ ነው።

በአዊ ዞን ዛፍ ሲባል ዲከረንስ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ተጀምሮ ወደ ባንጃና ወደ ጎረቤት ወረዳዎች የተስፋፋው ይህ የግራር ዘር የአካባቢውን ኢኮኖሚ እንደለወጠው በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ያለማዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር ሣር አጭዶ ለከብቱ ይሰጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ በአፈር ከድኖ ያከስላል፤ ከሰሉም በጆንያ ተሞልቶ በመኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል። መሬቱም ዕረፍት አግኝቶ እንደገና ለእህል ይታረሳል።

ለነጋዴው ይህ ከከሰል በላይ ነው፤ የቁጠባ ደብተር ነው። መንገድ ሲዘጋ ዛፉ አይቆረጥም፤ እየወፈረ ይጠብቃል። ብሩ ሲረክስ የዛፉ ዋጋ ከገበያው ጋር ይነሳል። ነገር ግን ይህ ባንክም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በአዊ የዲከረንስ ተክል ላይ በፈንገስ የሚመጣ የዋግ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ማሳ አበላሽቷል። ሀብቱን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሀብቱን ሁሉ በአንድ ባንክ ካስቀመጠ ሰው እንደማይለይ በሽታው አሳይቷል።

ፈረስም እንደ ዛፉ ሁሉ የአካባቢው ሀብት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2016 ዓ.ም. 84 ዓመት ሞልቶታል። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል፤ ለከተማዋ ሆቴልና ምግብ ቤትም ከዓመቱ ዋና የገበያ ቀናት አንዱ ነው። መኪና በማይገባበት ቦታና ጊዜ ደግሞ እህሉን ገበያ የሚያደርሰው ያው ፈረስ ነው።

ታኅሣሥ፦ ዕዳና አዲስ ማኅበር

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት ምክንያቱ ለአበዳሪዎች ሁሉ እኩል መስተናገድ ነው ቢልም፣ የውጭ ገበያ ግን አገሪቱን ዕዳዋን ካልከፈሉት ተርታ መደባት። በዚያው ወር 22ኛ ቀን ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል ሆነች፤ በዚያው ዕለት ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። በጥር ወር ደግሞ መንግሥት በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከኤሌክትሪክ በስተቀር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ።

ሐምሌ 22

ሐምሌ 2 ቀን ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ይፋ አደረገ። ከ20 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ታወጀ። በዚያው ዕለት የዓለም ገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላር ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም በአንድ ሌሊት ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ዘለለ። ነሐሴ 1 ቀን በተደረገው ልዩ ጨረታ 27 ባንኮች 175 ሚሊዮን ዶላር የገዙት በአማካይ 107 ብር ከ90 ሳንቲም ነበር።

ከዶላሩ ጋር ደንቡም ተለወጠ። ላኪ ካስገባው ምንዛሪ ለራሱ የሚያስቀረው ድርሻ ከ40 ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። ለ38 የዕቃ ዓይነቶች ተጥሎ የነበረው የማስመጣት ገደብም ተነሣ። መንግሥት ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ድጎማ እንደሚያደርግ ገለጸ።

ጃፓንም በዚያው ሐምሌ

ገንዘቧ የተንገዳገደባት አገር ግን ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረችም። ጃፓን ዘመኑን የጀመረችው በሐዘን ነበር። ኢትዮጵያ ብሪክስን በተቀላቀለችበት በታኅሣሥ 22 ቀን፣ ለጃፓኖች በአዲስ ዓመታቸው ዕለት፣ በኖቶ ባሕረ ገብ መሬት በሬክተር 7.6 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የካቲት 14 ቀን ደግሞ የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ አመልካች የሆነው ኒኬይ በፈረንጆች 1989 መጨረሻ ይዞት የነበረውን 38,915 ነጥብ ከ34 ዓመት በኋላ አለፈ። መጋቢት 10 ቀን የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ከዜሮ በታች የነበረውን ወለድ አነሣ፤ ይህም በ17 ዓመት የመጀመሪያው የወለድ ጭማሪ ነበር።

የን ግን መርከሱን አላቆመም። መንግሥቱ በሚያዝያ ገንዘቡን ለመደገፍ ወደ 9.8 ትሪሊዮን የን አወጣ። እንዲያም ሆኖ በሰኔ መጨረሻ አንድ ዶላር ወደ 162 የን ደረሰ፤ በፈረንጆች ከ1986 ወዲህ እንዲህ ረክሶ አያውቅም። በዚሁ ሰኔ 26 ቀን አዳዲስ የወረቀት ገንዘቦች ወጡ። ባለ 10 ሺህ የን ኖት ላይ የተሣለው ሺቡሳዋ ኤይቺ የጃፓን ዘመናዊ ንግድ አባት የሚባል የባንክ መሥራች ነው። ሐምሌ 24 ቀን፣ ብር ከተለቀቀ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ከፍ አደረገ። ሐምሌ 29 ቀን ኒኬይ በአንድ ቀን 12.4 በመቶ ወደቀ።

ልዩነቱ አቅም ላይ ነው። ጃፓን ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ መጠባበቂያ ይዛ ገበያውን ስትከራከር፣ የኢትዮጵያ መጠባበቂያ የአንድ ወር የገቢ ዕቃ እንኳ አይሸፍንም ነበር። ስለዚህ አንዷ ገንዘቧን ለመደገፍ ከፈለች፤ ሌላዋ ደግሞ ገንዘቧን ለቅቃ ብድር አገኘች።

ለዳንግላ ሒሳቡ

ለዳንግላና ለእንጅባራ ነጋዴ የዓመቱ ሒሳብ በሦስት መደብ ይጠቃለላል። ጥሬ ብር ይዞ የከረመ ከሰረ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ፕላስቲክና መለዋወጫ አስቀድሞ ገዝቶ መጋዘን ያስገባ በወረቀት ላይ አተረፈ፤ ይሁንና ሸጦ ያንኑ ዕቃ ለመተካት ሲሞክር ትርፉ መልሶ እንደሚጠፋ ያየ ብዙ ነው። ከሽያጭ በፊት የመተኪያ ዋጋን ያላሰላ ነጋዴ የበላው ትርፉን ሳይሆን ዋና ገንዘቡን ነው።

ሦስተኛው ኑግና ሌላ ወደ ውጭ የሚላክ እህል የያዘ ነው። በመርህ ደረጃ ተጠቃሚው እርሱ ነበር፤ ላኪው በዶላር የሚያገኘው ብር ስለጨመረ ለገበሬውና ለሰብሳቢው የሚከፍለውም መጨመር ነበረበት። ጭማሪው ግን ወደ ዳንግላ የሚደርሰው መንገድ ሲከፈትና ሰብሳቢው የግዢ ገንዘብ ሲያገኝ ነው። ምንዛሪው በአንድ ሌሊት ተለቀቀ፤ መንገዱና ብድሩ ግን አብረው አልተለቀቁም። ዋጋውን ገበያው ይወስን ሲባል፣ ገዢና ሻጭ የሚገናኙበት ገበያ በቅድሚያ ሊኖር ይገባል።