በኢሕራም ላይ የጭን መላላጥ፦ መከላከያውና ሸሪዓዊ መፍትሔው

ወደ ሐጅና ዑምራ ለሚጓዙ ወገኖቻችን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መጨናነቁና ስለ ውሃ ጥም ብዙ ይነገራል። በሐፍረት ሳይነገር የሚቀር አንድ ችግር ግን አለ፤ የጭንና የብሽሽት መላላጥ። ቀላል ቢመስልም ጠዋፍና ሰዕይ ማድረግን ሊያከብድ፣ በዐረፋና በሚና ቀናት ሰውን ከእግሩ ሊጥል ይችላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንድ ሑጃጅ በኢሕራም ላይ የውስጥ ሱሪ አይለብስም፤ ስለዚህ ጭን ከጭን ጋር በቀጥታ ይፋተጋል። ላብ ቆዳን ያረጥባል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ይልቅ በቶሎ ይላጣል። ላቡ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው ቁስሉን ያብሰዋል። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰባት ጉዞ ብቻውን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመካ እስከ ዐረፋ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ወፍራም ሰዎችና የስኳር ሕመምተኞች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ረጅም ርቀት የሚጋልቡ ብስክሌተኞችም ይህን ችግር በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1987 አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ የስፔንን ዙር እየመራ ሳለ በመቀመጫው ላይ በወጣ ቁስል ሳቢያ ውድድሩን አቋርጧል። ብስክሌተኞች ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ቁምጣ ይለብሳሉ፣ ቅባትም ይቀባሉ። ሙሕሪም የመጀመሪያው ባይፈቀድለትም ሁለተኛው አለው።

ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት ከመራመድ በፊት በጭንና በብሽሽት ላይ ስስ አድርጎ መቀባት መፋተጉን ይቀንሳል። ለሙሕሪም የተከለከለው ሽቶ እንጂ ቫዝሊንን የመሰለ ሽታ አልባ ቅባት ገላ ላይ መቀባት አይደለም። ሆኖም ብዙ የሕፃናት ፓውደር፣ እርጥብ መጥረጊያና ሳሙና ሽቶ አለባቸው። ስለዚህ ከአገር ሳንወጣ ዕቃው ላይ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እንመልከት። ገላ መታጠብ ግዴታ የሆነበት ሰው ደግሞ ውሃው ቆዳውን እንዲያገኘው ቅባቱን አስቀድሞ ያስለቅቅ።

ከኢሕራም በፊት የብልት አካባቢን ፀጉር ማስወገድ የተወደደ ነው። በዚያው ቀን የተላጨ ቆዳ ግን በቶሎ ስለሚቆጣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማድረጉ ይሻላል። ተለዋጭ ኢሕራም መያዝም ይጠቅማል፤ በላብ የራሰውን በደረቅ መቀየር ይፈቀዳልና። እህቶቻችን ደግሞ ከቀሚሳቸው ሥር የጥጥ ሱሪ መልበስ ይችላሉ።

ቆዳው ከተላጠስ? በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይታሽ በለስላሳ ጨርቅ ደርቆ ቅባት ይቀባ፤ በተቻለ መጠንም እረፍት ይደረግ። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ካለው ወይም ትኩሳት ከተከተለ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ ግን እዚህ ደረጃ እስኪደርስ አይጠብቅ።

ቅባቱ ሳይበቃ ቀርቶ ቁምጣ መልበስ ግድ ቢሆንስ? ኢማሙ አል-ቡኻሪ እንዳሰፈሩት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሀውደጃቸውን ለሚጭኑ ሰዎች «ቱብባን» የተባለውን አጭር ቁምጣ ችግር የለውም ይሉ ነበር። አብዛኞቹ ዑለማእ ግን ቁምጣን ከተከለከሉት ልብሶች ይቆጥሩታል። በችግር የለበሰው ሰው ወንጀል የለበትም፤ ፊድያ ግን ይሰጣል ይላሉ። መነሻቸው በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 196 እና በከዕብ ኢብኑ ዑጅራ (ረ.ዐ) ሐዲሥ የተነገረው ነው። ከዕብ በሑደይቢያ ቅማል ሲያስቸግራቸው ፀጉራቸውን እንዲላጩ ተፈቅዶላቸው ከሦስቱ አንዱን እንዲፈጽሙ ታዘዋል፦ ሦስት ቀን መጾም፣ ስድስት ድሆችን ማብላት ወይም አንድ በግ ማረድ። ስለዚህ ችግሩ የገጠመው ሰው ቁስሉን ደብቆ ከመሰቃየት የቡድኑን ዓሊም ይጠይቅ።

አባቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ ራሳቸው አንስተው ላይጠይቁን ይችላሉ። ሻንጣቸውን ስናዘጋጅላቸው አንዲት ሽታ የሌላት ቫዝሊን እንክተትላቸው፤ አጠቃቀሟንም በአክብሮት እንንገራቸው። አላህ ለተጓዦቻችን ሐጃቸውን የተቀበለው ያድርግላቸው። ወሏሁ አዕለም።