ከላይ የሚወርድ ቀለብ

የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ብርሃን በማይደርስበት የውኃ ወለል ያለ ፍጥረት ምን በልቶ ያድራል?» ስላቸው መልሱ ብዙ ጊዜ «ዓሣ» ነው። ዓሣውስ ምን በላ? እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። የማስተምርበት ጋሸና ውርጭ እንጂ ባሕር አያውቅም፤ ስለዚህ ከኩሬ የተቀዳ አረንጓዴ ውኃ በሃይላንድ አድርጌ መስኮት ላይ አቆማለሁ። ሲያድር ላዩ ይጠራል፣ ከሥሩ ስስ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተኛል።

በሰሜን ዋልታ ይኸው ነገር ወቅት ጠብቆ ይሆናል። ፀሐይ በማትወጣባቸው ወራት በበረዶ የተከደነው ባሕር ወደ ታች የሚልከው ጥቂት ነው። ብርሃኑ ሲመለስ ከበረዶው ሥር አልጌ ይበቅላል፤ በረዶው ሲቀልጥ ተላቆ ይሰምጣል። ነጠላ ሕዋስ ብቻውን ሲሆን እየተንሳፈፈ ይቆያል፤ ሲያያዝ ግን ቶሎ ይወርዳል። ሜሎሲራ አርክቲካ የተባለው ዲያቶም ተያይዞ በሜትር የሚቆጠር ገመድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖላርሽተርን በተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ የተጓዙት እነ አንትየ ቦኤቲየስ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የዚህን አልጌ ክምር ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ እንስሳትም ሲመገቡት አገኙ።

ከወልድያ በመርሳና በውጫሌ አድርጎ ደሴ የወረደ ሁሉ ሐይቅ የተባለውን ሐይቅ አይቶታል። 88 ሜትር ይጠልቃል። እዚያም አልጌ ይሞታል፣ ይወርዳል፤ መጨረሻው ግን ለየቅል ነው። የዋልታው ጥልቅ ውኃ ቀዝቃዛ በመሆኑ ኦክስጅን በደንብ ይይዛል። (እዚያም ቢሆን ከአልጌው ክምር ሥር ያለው ጭቃ ኦክስጅኑ አልቆ ነው የተገኘው።) የሐይቅ ውኃ ግን ላዩ ሞቆ፣ ታቹ ቀዝቅዞ ለረጅም ጊዜ ሳይደባለቅ ይቆያል። የወረደውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣም እዚያ አይኖርም። የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ የላዩን ውኃ አቀዝቅዞ ሲያከብደው ነው መደባለቅ የሚጀምረው። ለእኔ ተማሪዎች፣ ጋቢ ተከናንበው ለሚማሩት፣ ብርዱን ማስረዳት አያስፈልግም። ኦክስጅን ሲያልቅ የሚሆነውን ለማሳየት ያንኑ ሃይላንድ ክዳኑን ገጥሜ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰንበት ካደረግሁት ደግሞ፣ ሲከፈት የፊት ወንበር የተቀመጡት አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

ሐይቁ ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ ጥናት የውኃ ጥራት የሚለካበት ነጭ ሰሃን ወደ 9 ሜትር ሲወርድ ይታይ ነበር። በኋላ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ገባበት፤ እነ ኤልሳቤጥ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ጥናት የሐይቁ ውኃ በአልጌ መበልጸጉን ያሳያል። ላዩ በለመለመ ቁጥር የሚወርደው ይበዛል፣ ታች ያለው ኦክስጅን ደግሞ በዚያው ልክ ይመናመናል።

«ቲቸር፣ ታዲያ አልጌ መብዛቱ ጥሩ ነው መጥፎ?» የምትል ልጅ በየዓመቱ አትጠፋም። ጥያቄውን ፈተና ላይም አስገባዋለሁ፤ የታችኛውን ውኃ የኦክስጅን መጠን ግን አብሬ እሰጣለሁ፤ ያለዚያ «ጥሩ» ያለውም «መጥፎ» ያለውም ማርክ ሊጠይቀኝ ይመጣል።