የኮሰረት ዘመድ በሜስኪት

ፊላ በአቱች ቤተሰብ የምትመደብ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበች የምታብብ የዕፅ ወገን ናት። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረት ቅርብ ዘመዷ ነው፤ እንዲያውም ለረጅም ጊዜ የእሱ ወገን በሆነው በሊፒያ ሥር ስትቆጠር ኖራለች። ፊላ ብሎ የሰየማት እ.ኤ.አ. በ1790 ፖርቱጋላዊው ዡዋው ደ ሎሬይሮ ነው። ቃሉ በግሪክ ነገድ ማለት ሲሆን፣ ብዙ ደቃቅ አበቦች በአንድ ራስ ላይ መሰብሰባቸውን ያመለክታል።

ከዳላስ በስተ ምሥራቅ ባለችው በሜስኪትና በአካባቢዋ ፊላ ኖዲፍሎራ የተባለችው ዝርያ ሰው ሳይተክላት ትበቅላለች። አሜሪካኖች “የእንቁራሪት ፍሬ” ይሏታል። ፍሬ ተብሎ የሚያጓጓ ነገር ግን የላትም፤ ያላት ለሁለት የሚከፈል ደረቅ ቅንጣት ነው። ቁመቷ ከ15 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ግንዷ ይተኛና አንጓው አፈር በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። አበባዋን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፦ በቀጭን አገዳ ጫፍ የክብሪት ራስ የመሰለች ወይን ጠጅ እምብርት ትታያለች፤ ዙሪያዋን ነጫጭ አበቦች እንደ አክሊል ከበዋታል። አበቦቹ ከታች ወደ ላይ በተራ ስለሚፈኩ እምብርቷ ቀስ በቀስ ትረዝማለች።

የሜስኪት አፈር የሸዋን ዋልካ ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም። ዝናብ ሲያገኝ አብጦ ጫማ ላይ ይጣበቃል፤ በበጋው ሐሩር ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ፊላ አንዴ ሥር ከሰደደች ሁለቱንም ትችላለች፤ ውሃ ቢተኛባት አትበሰብስም፣ ድርቁንም ያለ ብዙ ውሃ ታልፋለች። የሣር ማጨጃም እምብዛም አትፈልግም።

ፋዎን ክሬሰንት፣ ኋይት ፒኮክና ኮመን ባክአይ የተባሉ ቢራቢሮዎች እንቁላላቸውን ይጥሉባታል። አባጨጓሬዎቻቸው ቅጠሏን ስለሚበሉ፣ ቅጠሉ ተበሳስቶ ሲታይ ፀረ ተባይ መርጨት ቢራቢሮውን ገና ሳይወለድ መግደል ነው።

ከሌሎቹ ዝርያዎች የመካከለኛው አሜሪካዋ ፊላ ዱልሲስ ቅጠሏ ጣፋጭ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ከእሷ ያወጡት ሄርናንዱልሲን የተባለ ንጥረ ነገር ከስኳር 1000 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። የደቡብ አሜሪካዋ ፊላ ካኔስሰንስ በበኩሏ በአውስትራሊያ የመሪ-ዳርሊንግ ተፋሰስ የግጦሽ መሬት እየወረረች አስቸግራለች፤ ስለዚህ ችግኝ የሚገዛ ሰው “ፊላ” መባሉን ብቻ ሳይሆን ኖዲፍሎራ መሆኑንም ይጠይቅ።

ተከላው በጸደይ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በችግኞቹ መካከል ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቢተው ክፍተቱን ራሷ ትሞላዋለች። በብርድ ወራት ግን ውርጭ ሲመታት ቡናማ ሆና ትከርማለች፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ግቢ ለሚፈልግ አትሆንም።