ስለ ሞት፥ ስለ መታሰቢያና ስለ ተስፋ፤ የሆሳዕና ከተማ ስም የሚሰጠን ምክር

ሰው ሁሉ እንደሚሞት ያውቃል፤ ነገር ግን ሞት የገዛ ደጁን እስኪመታ ድረስ እንደማያውቅ ሆኖ ይኖራል። ሐዘን በመጣ ጊዜም ከእንባው ጋራ ብዙ ክርክር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ሙታን መታሰቢያና ስለ ክርስቲያን ተስፋ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ምሳሌያችንንም ከሐዲያና ከከምባታ አገር፥ ይልቁንም ከሆሳዕና ከተማ እናመጣለን።

ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። የአገሬው ሰው ቀድሞ ዋቸሞ ይላት ነበር፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ላይ ይኖራል። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ቀን ስለ ገቡባት፥ በበዓሉ ስም እንደ ጠሯት ይነገራል።

የስሙ ትርጓሜ «እባክህ አድነን» ማለት ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደሚተርከው፥ ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ጌታን ለመቀበል የወጣው አልዓዛርን ከመቃብር እንዳስነሣው ስለ ሰማ ነበር። እንግዲህ የሆሳዕና ጩኸት ከመቃብር አጠገብ የተነሣ ጩኸት ነው፤ ሞት ድል መነሣቱን የሰማ ሰው የሚጮኸው ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚህ በዓል ቀን የሚደረገውን አንድ ሥርዓት ብዙ ሰዎች እያዩት ምክንያቱን ሳያስተውሉ ያልፋሉ። ከበዓሉ ማግሥት የሚጀምረው ሰሙነ ሕማማት የጌታ መከራ ብቻ የሚታሰብበት ስለ ሆነ፥ በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረስም። ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት ካህናቱ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱ ሰዎች አስቀድመው ፍትሐት ያደርሳሉ። ማን እንደሚሞት የሚያውቅ የለም፤ ዘንባባ በጣቱ ያሰረው ሕፃንም፥ በበትር የተደገፈው ሽማግሌም፥ ባለሥልጣኑም፥ ሎሌውም በአንድነት ቆመው የመሞቻቸውን ጸሎት በሕይወታቸው ይሰማሉ። ከዚህ የበለጠ ምክር ከወዴት ይገኛል?

በሐዲያና በከምባታ ግን ሐዘንተኞች ሁሉ በአንድ ሥርዓት የሚያዝኑ አይደሉም። በ1920ዎቹ ዓመታት የወንጌላውያን ሚሲዮኖችና የካፑቺን ማኅበር ካህናት ወደ አገሩ ገብተው አስተምረዋል። ጠላት ኢትዮጵያን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ የወንጌላውያኑ የውጭ አገር መምህራን ተገደው ቢወጡም፥ ምእመናኑ በገዛ ሽማግሌዎቻቸው እየተመሩ ጸኑ፥ በቍጥርም በዙ። ካቶሊካውያንም እየበዙ ሄደው በ2002 ዓ.ም. በሆሳዕና ስም የራሱ ጳጳስ ያለው ሀገረ ስብከት ተቋቁሞላቸዋል።

ከዚህ የተነሣ አባት በሞተ ጊዜ ታላቁ ልጅ ፍትሐት ይደረስ፥ የአርባና የሙት ዓመት ተዝካር ይውጣ ይላል፤ ሁለተኛው የወንጌላውያን አማኝ ነውና ነፍስን የሚያድን ክርስቶስ ብቻ ነው፥ ከሞት በኋላ ተዝካር አይጠቅምም ይላል፤ እኅታቸው ደግሞ ቅዳሴ ላስቀድስለት ትላለች። እንደዚህ ያለ ቤት በዚያ አገር ጥቂት አይደለም። በመቃብር አፋፍ ላይ የተጀመረ ክርክር ወንድማማችን ለብዙ ዓመት ሲለያይ፥ ርስትንም ሲያስከፍል ታይቷል።

እኛ የሃይማኖትን ክርክር በዚህ ገጽ ልንፈርድ አንነሣም፤ ያ የሊቃውንት ሥራ ነው። ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ነገር እንደሚስማሙ እናስታውሳቸዋለን፤ ሙታን እንዲነሡ ሁሉም ያምናሉ። አባታቸውን እንደገና እናየዋለን ብለው ተስፋ የሚያደርጉ ልጆች በቀብሩ ቀን ቢጣሉ፥ በተገናኙ ጊዜ ምን ብለው ይመልሱለታል? ተዝካር የማያወጣው ወንድም በወንድሙ ጸሎት ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ቢቆም እምነቱ አይጐድልም። ተዝካር የሚያወጣውም ወንድሙ መዝሙር በሚያሰማበት ጊዜ ቢታገሥ ሥርዓቱ አይፈርስም።

ለዚህም የአገሩ ልማድ ይረዳል። በከምባታና በሐዲያ ሴራ የሚባል ነገር አለ፤ በአማርኛ ተንኰል ቢመስልም በአገሩ ቋንቋ ጎረቤትን የሚያያይዝ ሥርዓት ማለት ነው። በሴራውና በእድሩ ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም፤ ጎረቤት ቆጮውን፥ ቡናውን ይዞ ይመጣል። ሲመጣም በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚጸልይ አይጠየቅም።

ስለ ወጪውም አንድ ቃል እንጨምራለን። ተዝካር በመጀመሪያ የታሰበው ስለ ሟቹ እየተጸለየ ድኃ እንዲበላበት ነው። ለስም ሲባል በብድር በሬ ጥሎ፥ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግን ሟቹን ማስታወስ አይባልም። የሙት ልጅን ማስተማር፥ የሟቹን ዕዳ መክፈል፥ ያስቀየመውን ሰው ማስታረቅ የማይረሳ መታሰቢያ ነው።

ማልቀስም የእምነት ጉድለት ነው የሚሉትን አንሰማቸውም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ ሐዘንን አልከለከላቸውም። ተስፋ እንባን አያደርቅም፤ እንባ ግን ተስፋን እንዳያሰጥም ይጠብቃል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የሆሳዕና ሥርዓት የሚያስተምረን ይህ ነው። የመሞቻው ጸሎት በሕይወቱ የተነበበለት ሰው፥ የመሞቻውን ሥራም በሕይወቱ ይሥራ። ኑዛዜውን ይጻፍ፤ ዕዳውን ይክፈል፤ ከወንድሙ ጋራ ይታረቅ፤ ልጆቹ በቀብሩ ቀን እንዳይጣሉ ዛሬ ጠርቶ ያነጋግራቸው። እንዲህ ያደረገ ሰው ሞት በመጣበት ጊዜ «አድነን» ብሎ የሚጮኸው በፍርሃት ሳይሆን፥ ዘንባባ ይዘው ንጉሣቸውን ሊቀበሉ እንደ ወጡት ሰዎች በደስታ ይሆናል።